«የባሌን ፓስፖርት ደብቄዋለሁ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሰንዳፋ ነው። ረዘም ስለሚል ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የማራቶን ሯጭ ነው። ስመ ጥር አይደለም፣ ግን ቤት የሠራነውም ልጆች የምናስተምረውም በእግሩ ነው። ዕድሜው 41 ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ እሱን ይተዉት። የግራ እግሩ የተረከዝ ጅማት ሲያመው ሁለት ዓመት ሆነው። ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው ግድግዳ ይዞ ነው። ሚያዝያ ላይ ውጭ ሄዶ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጠ። ያን ማታ በስልክ እያለቀሰ ‹በቃኝ፣ ሁለተኛ አልሮጥም› አለኝ። በሳምንቱ ጫማውን አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው። አሁን ደግሞ ጥቅምት ላይ ቻይና ልሄድ ነው ይላል። አንድ የሚያውቀው ሰው ከውድድሩ በፊት መርፌ እንደሚወጋውና ሕመሙ እንደሚጠፋ ነግሮታል። ‹ይቅርብህ› ስለው ‹ቀነኒሳ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቶ የለ?› ይለኛል። ተኳርፈናል። ፓስፖርቱን በርበሬ ጣሳ ውስጥ ከደበቅኩት ሳምንቴ ነው። እሱ ገና አልፈለገውም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ በአንቺ ዓይን፣ አንዴ በባልሽ ዓይን። ሁለተኛው ይቀለኛል። እኔም እንደ ባልሽ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2010፣ በእኛ መስከረም 2003፣ 36 ዓመቴ ነበር። (የሩጫ ወሬ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለለመደ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ የእነሱ ናቸው።) አውሮፓ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ማራቶን ልሮጥ ሄድኩ። የቀኝ እግሬ አኪሊስ፣ ያው የተረከዝ ጅማቱ፣ ካመመኝ ዓመት አልፎታል። ዋዜማውን አንድ ሰው ሆቴል ድረስ መጥቶ ወጋኝ። ምን እንደወጋኝ አልጠየቅኩም። እውነቱን ለመናገር ማወቁን አልፈለግኩትም። ጠዋት ስነሳ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነው፣ ምንም አይሰማኝም። በደስታ ሮጥኩ። 27ኛው ኪሎ ሜትር ላይ «ጧ» አለ። ከኋላዬ ሰው የረገጠኝ መስሎኝ ዞርኩ። ማንም የለም። አንዲት አሮጊት ውሻዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች። ቀጣዩን እርምጃ ልራመድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለ። ጅማቱ ተበጥሷል።

ከዚያ ቀዶ ጥገና፣ ጀሶ፣ ምርኩዝ። ዛሬም ደረጃ የምወርደው በጎን ነው። ታክሲ ለመያዝ እንኳ አልሮጥም። ረዳቱ «እናት፣ ፈጠን በይ እንጂ» ሲለኝ ዝም ብዬ እስቃለሁ። ምን እለዋለሁ?

ያኔ መካሪ አላጣሁም። እናቴ መክራኛለች። ወጌሻው መክሮኛል። ባሌ ለምኖኛል። አንዱም ጆሮዬ አልገባም። በጀሶ ተኝቼ ደጋግሜ ያሰብኩት «ምን ቢሉኝ እሰማ ነበር?» የሚለውን ነው። አሁንም የምመልስልሽ ከዚያ ተነስቼ ነው።

በመጀመሪያ «አርጅተሃል» የሚለውን ቃል ከቤት አውጪው። በእርግጠኝነት ብለሽዋል። ባትይውም በዓይንሽ ብለሽዋል። ባልሽ ምናልባት ከ17 እና 18 ዓመቱ ጀምሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ጓደኞቹ እነዚያው ናቸው፣ ወሬው ያው ነው፣ ኮሮኮንች፣ ዳገት፣ ሰዓት። አገር ቤት ሲሄድ «ሯጩ መጣ» ነው የሚባለው። «በቃህ» ስትይው እሱ የሚሰማው «ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ማን ነህ?» የሚል ጥያቄ ነው። መልስ የለውም። መልስ የሌለው ሰው ደግሞ ጫማውን አጥቦ ያሰጣል።

«ለልጆችህ ስትል» የሚለውም አይሠራም። በእሱ ቤት የሚሮጠው ለልጆቹ ሲል ነው። እንዲያውም ይብስበታል።

ደግሞ ስለ ዕድሜ ከተከራከርሽው ታሪክ ያግዘዋል። የቀነኒሳ ነገር እውነት ነው። 2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። እኔ በበኩሌ ያኔ አፌ ላይ የነበረችው ደራርቱ ነበረች። የእኔ ጅማት ከመበጠሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ 2009 ላይ፣ በ37 ዓመቷ ኒው ዮርክን አሸንፋ ነበር። «ደራርቱ በ37፣ እኔ በ36» እያልኩ ስንቱን ሰው ዝም አስብያለሁ። ማሞ ወልዴም አለልሽ። 1972 ሙኒክ ላይ በማራቶን ነሐስ ሲያመጣ 40 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ በዚህ አትከራከሪው። ስለ ቀነኒሳ አውሩ ከተባለ ግን ሙሉውን አውሩ። ቀነኒሳ በ2010 መጀመሪያ ባቱን ተጎድቶ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከውድድር ጠፍቷል። ማንም ሊያሸንፈው በማይችልበት ዕድሜው። በ2017 ዱባይ ላይ ገና ሲነሱ ወድቆ፣ ግማሽ መንገድ ያህል ሮጦ አቋረጠ። በዚያው ዓመት በርሊን ላይም አቋረጠ። ስንቱ «አለቀለት» አለ! ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው በርሊን 2:01:41 ገባ። ከያኔው የዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው የጎደለው። ለእኔ ቀነኒሳ ማቋረጥ የሚያውቅ ሰው ነው። እግሩ «ዛሬ አይሆንም» ሲለው ከመንገድ ይወጣል። እስከ 41 ዓመቱ ያደረሰው ይሄም ይመስለኛል። ባልሽ ከዚህ ሰው የወሰደው ዕድሜውን ብቻ ነው። ለነገሩ በዚያው በ2024 ክረምት ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ 39ኛ መውጣቱንም አይጠቅስልሽም።

አንድ ሌላ ነገር። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ ሁለቱም የተወለዱት በ1932 ነው። 1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማራቶን፣ ለአንድ አገር ተሰለፉ። አበበ እግሩ ተጎድቶ ነበር የተሰለፈው። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ወጣ። ማሞ ቀጠለና ወርቁን አመጣ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ የተለያየው እግራቸው ነው። ባልሽ ጋ ይሄን ወሬ አንሺው። «አርጅተሃል» ከማለት «እግርህ ዛሬ የማንኛቸው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኔን እንደዚያ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ መርፌው። ደብዳቤሽ ውስጥ ያስደነገጠኝ 41 አይደለም፣ እሱ ነው።

«መርፌ» የሚባል አንድ ነገር የለም። በሯጮች መንደር በዚህ ስም የሚወጉት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ኮርቲዞን ነው። እብጠትና ሕመም ያጠፋል፣ ጅማቱን ግን ያዳክመዋል። አኪሊስ አካባቢ ሲወጋ የመበጠስ አደጋውን ይጨምራል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም እዚያ ቦታ ላይ መውጋት የሚፈራው። ሁለተኛው ማደንዘዣ ነው። እሱ እግሩን አያክመውም፣ ዝም ያሰኘዋል እንጂ። ሦስተኛው ዳይክሎፌናክ ነው። ይሄንን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ወገቡን ላመመው ሁሉ የሚወጋ ስለሆነ እንደ ውሃ ነው የምናየው። ግን 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ውሃው አልቆ ለሚመጣ ሰው ኩላሊት ጥሩ አይደለም። ሲደጋገም ጨጓራም ይልጣል።

ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሕመሙን ማጥፋታቸው ነው። ባልሽ የሚፈልገውም ያንን ነው። ግን እስቲ አስቢው፤ ሚያዝያ ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያስቆመው ያው ሕመም ነው። ጅማቱን ያተረፈለት እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ያ ሕመም አይኖርም። እኔንም 27ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ የሚያስቆመኝ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለሌላ ነገር ነው፣ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያቺ ዋዜማ ትታወሰኛለች።

ሯጭ የሆነ ሰው ይሄን ሁሉ ሰምቶ «እኔን አያገኘኝም» ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር። ስለዚህ እሱን የሚያስበረግገውን ልስጥሽ። ኮርቲዞንና ዘመዶቹ በውድድር ጊዜ ክልክል ናቸው። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ዋዳ፣ ማለትም የዓለም የፀረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ፣ በመርፌ የሚሰጡትን በሙሉ በውድድር ጊዜ ከልክሏል። ጡንቻ ላይ ይሁን፣ መጋጠሚያ ላይ ይሁን፣ ጅማት አጠገብ ይሁን ለውጥ የለውም። አንዳንዶቹ ከተወጉ በኋላ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያሉ። «ሐኪም ነው የወጋኝ፣ አላወቅኩም» ማለት አያድንም። ለሕክምና የግድ ከሆነ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ያ የሚያውቀው ሰው ግን ይሄን ፈቃድ እንደማያወጣለት እርግጠኛ ነኝ። ለምን ጅማቱም ስሙም ባንድ ቀን ይሄዳሉ? አገራችን የራሷ የፀረ-አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አላት። የመድኃኒቱን ስም ይዞ ሄዶ ይጠይቃቸው።

የመድኃኒቱ ስም! ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትወስጂ ይሄን ውሰጂ። አትከልክይው። «የምትወጋው ምንድን ነው? ስሙን ጻፍልኝ» በይው። በቁጣ ሳይሆን መድኃኒት ቤት እንደሚልክ ሰው በቀስታ። ሰውየው ስሙን ካልነገረው ባልሽ ራሱ መጠራጠር ይጀምራል። እኔ ያን ጊዜ ባሌ «አትሂጂ» ከሚለኝ «ስሙ ማነው?» ቢለኝ፣ መልስ ስለሌለኝ አፍር ነበር። ማፈር ደግሞ ለሯጭ ከመፍራት ይበልጣል።

ሳልረሳው፣ ሲፕሮም አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሆዳችንን ባመመን ቁጥር የምንውጠው። ጅማት ላይ ጉዳት ማድረስ ከሚችሉ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከኮርቲዞን ጋር ሲሆን ይብሳል። ባልሽ ውጭ ሲሄድ ሆዱን ቢያመው ብሎ ሻንጣው ውስጥ የሚይዝ ከሆነ ሐኪሙን አማክሮ ሌላ ይያዝ። ይሄን ማንም አይነግራችሁም።

«በቃኝ» ብሎ ማልቀሱንና በሳምንቱ መመለሱን እንደ ማታለል አትቁጠሪበት። 2010 ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ሬዲዮ ስሰማ፣ ኃይሌ ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋረጠና እዚያው ጋዜጠኞች ፊት እንባ እየተናነቀው ሩጫ አቆምኩ አለ። 37 ዓመቱ ነበር። አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ እንጃ። ቀናት አልቆየም፣ ሐሳቡን ቀየረ። የመጨረሻ ስንብቱን ያደረገው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ያን ያህል ዓለምን ያየ፣ ሆቴልና ንግድ ያለው ሰው ተናግሮ ካልጸናለት ባልሽ በስልክ ላለው ቃል ምን ይፈረድበታል? ባመመው ማታ የተናገረውን አትያዥው። ጥቅምት ላይም ወድቆ ቢመጣ ያን ማታ ቃል አታስገቢው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚወራው እግሩ ባላመመው ቀን፣ ሆዱ በጠገበበት ሰዓት ነው።

እንግዲህ ምን ትላላችሁ በዚያ ሰዓት? መጀመሪያ ገንዘብ አውሩ። ሯጮች ስለ ሽልማት ሲያወሩ የመጀመሪያውን ነው የሚጠሩት። እስከ ስንተኛ ለወጣ ነው የሚከፈለው? ትኬቱን የሚችለው ማነው? ማናጀሩ ስንት ይወስዳል? ካቋረጠ ምን ያገኛል? ገንዘቡስ መቼ ነው የሚገባው? ብዙ ጊዜ የምርመራ ውጤት ካልመጣ አይለቀቅም። ይሄን ወረቀት ላይ አስፍሩት። በሌላ ረድፍ ደግሞ ጅማቱ ቢበጠስ ያለውን ጻፉ። የቀዶ ጥገናው፣ ስድስት ወር አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያለ ሥራ መቀመጡ፣ የልጆቹ ክፍያ። ሒሳቡን አንቺ አትሥሪለት። እሱ ይጻፍ፣ አንቺ ቡና አፍዪ። ወንድም እህት የሚረዳ ከሆነም ይጻፈው። ብዙ ጊዜ አልቆምም የሚለው ሰው እሱ ብቻ አይደለም፣ ከኋላው የተሰለፈ ቤተሰብ አለ። «ዘንድሮ አልችልም» ብሎ ለእነሱ መናገሩ ከማራቶኑ ይከብደው ይሆናል። እሱን አንቺ ልታግዥው ትችያለሽ።

እግሩን በተመለከተ ተስፋ አለው። ሁለት ዓመት የታመመ አኪሊስ የሞተ አኪሊስ አይደለም። አንድ የምወደው ታሪክ አለ። አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ ይሮጥ ነበርና አኪሊሱን ያመዋል። ቀዶ ጥገና አድርጉልኝ ቢል አለቃው እምቢ አለው። ተናደደና «እንግዲያውስ እስኪብስበት እሠራበታለሁ» ብሎ እግሩን በከባድ ልምምድ ያሠቃየው ጀመር። ዳነለት። በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት ላይ የሠሩት 15 ሰዎች አማካይ ዕድሜያቸው 44 ነበር። ከባልሽ ይበልጣሉ! ልምምዱ ቀላል ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ፣ የታመመውን ተረከዝ ቀስ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። መጀመሪያ ግን ጅማቱ በከፊል አለመበጠሱን የአጥንት ሐኪም ይይለት። ከዚያ ፊዚዮቴራፒስት ይምራው። ወጌሻው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ እሺ፣ ግን የታመመ አኪሊስ ላይ ሲጫኑት ደስ ስላለው ብቻ ዳነ ማለት አይደለም። ሩጫ ሲጀምር ያመውና ሲሞቅ የሚጠፋውም እንደዚሁ ነው። ያ ማታለያ ነው፣ ማግስቱን ጠዋት ግድግዳ ያስይዘዋል።

12 ሳምንት ቁጠሩ። ዛሬ ቢጀምር ጥቅምት አይደርስም። ስለዚህ የምትጠይቂው ነገር «አቁም» አይደለም፣ «ጥቅምትን ዝለል» ነው። ልዩነቱ ለአንቺ ትንሽ ሊመስልሽ ይችላል። ለእሱ ሰማይና ምድር ነው። ከ12 ሳምንት በኋላ በግራ እግሩ ብቻ ቆሞ ተረከዙን ያንሳ፣ በቀኙም ያንሳ፣ ይቁጠር። እኩል ከመጡ ሌላ ወሬ ነው፣ ሐኪሙ የሚለውን ሰምቶ ይሩጥ። ካልመጡ ደግሞ የነገረው እግሩ ነው፣ ሚስቱ አይደለችም። በእኔ ቤት ቢሆን ኖሮ ይሄ ብቻ ጋብቻ ያድን ነበር። (የእኔ ሌላ ታሪክ ነው፣ ሌላ ጊዜ።)

እግሩ ከዳነ በኋላም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የሚጠብቀው ሥራ አለ። ሴት ሯጮቻችን በልምምድ ላይ ወንድ አሯሯጭ ይፈልጋሉ። 20 ዓመት የሮጠ፣ ሰዓት በእግሩ የሚቆጥር፣ መቼ መቆጠብ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንደ ልብ አይገኝም። ፍጥነቱ ከእሱ ውድድር ያነሰ ነው፣ እግሩን አይገድለውም። እሱን የሚያውቁት አሠልጣኞች አሉ፣ ይጠይቃቸው። አንዳንዱ ይሄን እንደ ውርደት ያየዋል። እንዲህ የሚሉ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፣ አንደኛው አሁን የራሱ ቡድን አለው። ሌላኛው አሁንም «አንድ የመጨረሻ ውድድር» እያለ ነው፣ 46 ዓመቱ ነው።

ፓስፖርቱን መልሺው። ሲፈልገው ካጣው ወሬው ሁሉ ስለ ፓስፖርት ይሆናል፣ እግሩ ይረሳል። ያኔ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፣ መርፌው ንጹሕ ነው። ዛሬ ማታ ልምምድ ላይ እያለ ከጣሳው አውጪና ቦታው አስቀምጪው። ግን መጀመሪያ በደንብ አራግፊው፣ ገጽ በገጽ። እኔ አንድ ጊዜ ባንክ ደብተር ሚጥሚጣ ውስጥ ደብቄ፣ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ እስክታስነጥስ ድረስ አላወቅኩም ነበር።